«ኢንታይትልድ» ስለተባላችሁ ብቻ አይሰጣችሁም

ከመጀመሪያ ዲግሪዬ በኋላ በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ በጀማሪ ሳይት መሐንዲስነት ሠርቻለሁ። በጥር ወር፣ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት፣ ለቀናት ያላባራ ዝናብ ጣለ። ሞልተን የጠቀጠቅነው አፈር ጨቀየ፣ ማሽኖቹ ቆሙ፣ ሥራው ወደ ኋላ ቀረ። ኃላፊያችን ግን ብዙም አልተጨነቀም። ውሉን ገልጦ በቢጫ ያቀለመውን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አሳየን፦ «ኢንታይትልድ»። «መብታችን እኮ ተጽፏል! ረጋ ብለን እንጠይቃለን» አለ። ደብዳቤያችን የወጣው ዝናቡ በጀመረ በ41ኛው ቀን ነው። የአማካሪው መልስ ግማሽ ገጽ አልሞላም፤ ጊዜው አልፏል። ተጨማሪ ጊዜ አላገኘንም፣ የመዘግየት ቅጣቱም ከክፍያችን ላይ ተቆረጠ።

እንግሊዝኛ ጠፍቶን አልነበረም። ቃሉን የተረጎምነው ግን «ይሰጠናል» ብለን ነበር። እስቲ ይህን ግስ አብረን እንየው።

«ኢንታይትል» ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ለመጽሐፍ፣ ለጽሑፍ ወይም ለሌላ ሥራ ርዕስ መስጠት ነው፤ ሌላው ለሰው መብት መስጠት። በአማርኛ «ርዕስ ሰጠ» እና «ባለመብት አደረገ» ለየብቻ ስለሚነገሩ ሁለቱ ምን እንዳገናኛቸው ግራ ይገባል። ሥራቸው ቲቱሉስ የሚባል የላቲን ቃል ነው፤ በአንድ ነገር ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚቀረጽ ጽሑፍ ማለት። በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19፣ ከመስቀሉ በላይ የተጻፈው ጽሑፍ በዚሁ ቃል ነው የተጠራው። የካህናቱ ተቃውሞ ምን እንደነበረ ታስታውሳላችሁ? ንጉሥ ነው ተብሎ ሳይሆን ንጉሥ ነኝ ማለቱ ይጻፍ ነበር ያሉት። አንድን ስም ለጥፎ መጻፍ መብቱን እንደ ማጽደቅ ስለሚቆጠር ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርታ አለው ወይ?» ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ያንን ወረቀት በዚሁ «ታይትል» በሚለው ቃል ይጠራዋል። ስማችሁ የተጻፈበት ወረቀት ነው፣ መብታችሁም የሚቆመው በእሱ ነው።

ለመብቱ ትርጉም በአማርኛ በጣም የሚቀርበው «ይገባዋል» ነው። (በነገራችን ላይ፣ «ይገባዋል» «ይረዳዋል» ማለትም ይሆናል። ሲጻፉ አንድ ናቸው፤ ሲነገሩ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል።) ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ «ይገባዋል» ብዙ ጊዜ የሞራል ፍርድ ነው፤ ለፍቷል፣ ስለዚህ ይገባዋል እንላለን። «ኢንታይትልድ» ግን ልፋትን አይጠይቅም። መብቱን የሰጠ አንድ ሰነድ መኖር አለበት፤ ሕግ፣ ውል፣ ቲኬት፣ የሆነ ነገር። ከሰነዱ ጋር ደግሞ ቅድመ ሁኔታው ይመጣል።

ወደ ዝናቡ ልመለስ። ውላችን የተጻፈው በፊዲክ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ የ1999 ቀይ መጽሐፍ መሠረት ነበር። አንቀጽ 8.4 ከተለመደው እጅግ የከፋ የአየር ሁኔታ ሥራን ሲያዘገይ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ይገባዋል ይላል። የክረምት ዝናብ አይቆጠርም፣ ይጠበቃልና፤ የእኛ የጥር ዝናብ ግን ጥሩ መከራከሪያ ነበር። ሆኖም ከቢጫው ቃል አጠገብ ሳይቀለሙ የቀሩ ቃላት ነበሩ፤ መብቱ በአንቀጽ 20.1 የተገደበ ነው የሚሉ። አንቀጽ 20.1 ደግሞ ተቋራጩ ክስተቱን ካወቀበት፣ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። ካላሳወቀ ጊዜ አይራዘምለትም፣ ተጨማሪ ክፍያም የለም። በ42 ቀን ውስጥ የሚቀርበው ዝርዝር ማስረጃው ነው። ኃላፊያችን 42ቱን ብቻ ነበር የሚያስታውሰው።

ስለዚህ ቃሉን ስታገኙት ወዲያው ቀኝና ግራውን እዩ፤ ሐረጉ «በ… መሠረት» ነው? «ካልሆነ በቀር» ነው? ቅድመ ሁኔታ ሁልጊዜ በጠያቂው ላይ አይወድቅም። የአሜሪካ የፓተንት ሕግ ክፍል 102 ሰው ፓተንት ይገባዋል፣ የሚከተሉት ካልሆኑ በቀር ብሎ ነው የሚጀምረው። መብቱ ቀደመ ማለት ነው፤ ፈጠራው አዲስ አይደለም የሚለውን በመጀመሪያ ማሳየት ያለበት መርማሪው ነው። «ካረጋገጠ ይሰጠዋል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ሸክሙ ወደ አመልካቹ ይዞር ነበር።

ስለ ርዕሱ ትርጉም ብዙ አልልም። መጽሐፉ «ኢንታይትልድ» ነው ስትሉ የሚያርሟችሁ ሰዎች ይኖራሉ፤ «ታይትልድ» በል ይላሉ። የአሶሺዬትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ ለጋዜጠኞች የሚያዘው እንዲሁ ነው። ነገር ግን ርዕስ የመስጠቱ ትርጉም በእንግሊዝኛ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ያለ ነው፤ ስህተት አይባልም። እኔ በራሴ ጽሑፍ ላይ «ታይትልድ» እጽፋለሁ፣ አጭር ስለሆነ። የሌላ ሰው ላይ ግን በቀይ አላሰምርም።

አንድ ሰው እንዲሁ «ኢንታይትልድ» ነው ከተባለ፣ ምን እንደሚገባው ሳይጠቀስ፣ ነገሩ ስድብ ነው። ሁሉ ነገር ለእኔ ይገባል ባይ ማለት ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ ራሳችሁን እንዲህ እንዳትገልጹ!

ከዚህ ቃል ጋር በብዛት ሲምታታ የማየው «ኤሊጂብል» ነው፣ በተለይ በስኮላርሺፕ ደብዳቤ ላይ። ለቤተሰብ አበል «ኤሊጂብል» ናችሁ ከተባለ መስፈርቱን ታሟላላችሁ፣ ማመልከት ትችላላችሁ ማለት ነው፤ ገንዘቡ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። «ኢንታይትልድ» ከሆነ ግን ቅድመ ሁኔታውን ስታሟሉ ሰጪው መከልከል አይችልም። ቤተሰባችሁን የአውሮፕላን ትኬት ከማስቆረጣችሁ በፊት የትኛው እንደተጻፈ አይታችሁ ለቢሮው በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት።