ዋጋ ያወጣ ተባይ

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የዱር አሳማ መግደል ገደብ አያውቅም ማለት ይቻላል። የአደን ወቅት አልተወሰነለትም፤ የቁጥር ጣሪያ የለበትም፤ ሌሊት የሰውነት ሙቀት በሚያሳይ መነጽር አነጣጥሮ መጣልም ይፈቀዳል። በ2011 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገንዘብ የከፈለ አዳኝ ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ እንዲተኩስ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በ2017 በሞቃት አየር የሚንሳፈፍ ፊኛ ተጨመረ፤ ከፊኛው ጥቅም ይልቅ ወሬው ይበልጣል እንጂ። ከ2019 ወዲህ ደግሞ በግል መሬት ላይ የአደን ፈቃድ ማውጣት እንኳ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ በግዛቲቱ ያለው የዱር አሳማ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። እንዲህ ጥይት እየዘነበበት ከቦታው ያልተነቀለ ተባይ ሲታይ፣ የጎደለው ተኳሽ ነው ማለት ያስቸግራል። የአሳማ ቁጥጥር የሚከሽፈው አሳማው ለአዳኙ መዝናኛ፣ ለባለመሬቱ ኪራይ፣ ለነጋዴው ሥጋ ሆኖ ዋጋ ሲያወጣ ነው ባይ ነኝ። ከተያዘ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እንዴት ይያዝ ከሚለው የማይነጠለውም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዱር አሳማ ሲባል ከርከሮ ሊታየው ይችላል። ከርከሮ ግን የአገሩ አውሬ ነው፤ ከአንበሳና ከነብር ጋር አብሮ የኖረ። የአሜሪካው ከበረት የወጣ ነው። ስፔናዊው ኤርናንዶ ዴ ሶቶ በ1539 ፍሎሪዳ ሲወርድ አሳማ እየነዳ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ሰፋሪዎችም አሳማቸውን ጫካ ለቀው ያረቡ ነበር። በ1912 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሁፐር ቦልድ በሚባል ተራራ ላይ ለአደን ተብሎ ከአውሮፓ የመጣ የዱር አሳማ ታጠረ፤ ኋላ አጥሩን ጥሶ ወጣና ከኮበለለው የቤት አሳማ ጋር ተዳቀለ። ዛሬ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ቁጥሩን ከ6 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል፤ ቢያንስ በ35 ግዛቶች ይገኛል። የተዘራ በቆሎና ለውዝ መስመሩን ተከትሎ በአፍንጫው እየገለበጠ በአንድ ሌሊት ማሳ ያራቁታል፤ ምንጭ ያደፈርሳል፤ ብሩሴሎሲስን የመሰለ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም ይይዛል። ሴቷ ዓመት ሳይሞላት ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናው አራት ወር አይሞላም፤ በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ግልገል መውለድ የተለመደ ነው። ለቴክሳስ በተሠራ ስሌት፣ ቁጥሩ ባለበት እንዲቆም ብቻ በየዓመቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው መወገድ አለበት። ጠመንጃ የያዘ ሰው ደግሞ ከመንጋው አንድ ሁለቱን ይጥላል፤ የቀሩት ይበታተናሉ፣ ይጠረጥራሉ፣ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ይገባሉ።

የወጥመድ ሥራ ከዚህ ይለያል፤ ዋናው ሙያ ትዕግሥት ነውና። አጥማጁ መጀመሪያ ካሜራ ይተክላል፤ የመጡትን አንድ በአንድ ይቆጥራል። መንጋው በአብዛኛው እናቶች፣ ሴት ልጆቻቸውና ግልገሎች ናቸው፤ ትልልቆቹ ወንዶች ለብቻቸው ይዞራሉ። ቀጥሎ የኮመጠጠ በቆሎ ይበተናል፤ ሽታው አሳማን ከሩቅ ሲጠራ ሌላውን እንስሳ ብዙም አይስብም። ጉረኖው ከብረት ፍርግርግ ተሠርቶ ክብ ሆኖ ይቆማል፤ ማዕዘን ካለው አሳማዎቹ እዚያ ተደራርበው አንዱ የሌላውን ጀርባ ረግጦ ይዘላል። በሩ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ክፍት ይተዋል። ያረጀው ዓይነት ወጥመድ ክር የተወጠረበት ነው፤ የመጀመሪያው አሳማ ሲነካው በሩ ይዘጋል፣ ውጭ የቀሩት ደግሞ ያዩትን አይረሱም፤ ዳግመኛ ወደ ጉረኖ አይቀርቡም። በአዲሱ ግን አጥማጁ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ያያል፤ የመጨረሻው ግልገል ሲገባ ብቻ ቁልፉን ይጫናል። በኦክላሆማ የሚገኘው የኖብል የምርምር ተቋም ባደረገው ንጽጽር፣ ከላይ የሚወድቅ መረብ በአካባቢው ከነበሩት አሳማዎች ከ80 በመቶ በላይ ሲይዝ፣ የተለመደው ጉረኖ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዟል። እንዲህ ያለው ዕቃ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ ለአነስተኛ ገበሬ የማይቀመስ ነው የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። መልሱ ግን ወደ ጠመንጃ መመለስ ሳይሆን ጎረቤታሞች አንዱን ወጥመድ በጋራ መግዛታቸው ነው፤ መንጋው የማንንም አጥር አያከብርምና።

በሩ ከተዘጋ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አሳማዎቹ እዚያው በጥይት ይገደላሉ። ሬሳው ይቀበራል ወይም ለጥንብ አንሳ ይተዋል። ብዙ ሰው የሚቆጣው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ሁሉ ሥጋ እንዴት ይጣላል? ሥጋውን የማይቀምሰው አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በዚህ ላይቆረቆር ይችላል፤ ለቴክሳስ ገበሬ ግን ከጠፋበት ማሳ የሚመለስ ጥቂት ገንዘብ ነው። ነገር ግን ሥጋው ለገበያ እንዲውል እንስሳው ሳይታረድ በፊት በሕይወት እያለ በመርማሪ መታየት አለበት። ስለዚህ ተኩሶ መሸጥ አይቻልም፤ አሳማው ከነነፍሱ ተጭኖ ፈቃድ ወዳለው መቀበያ፣ ከዚያም ወደ ቄራ ይሄዳል። ወንዶቹን ደግሞ በቴክሳስ ፈቃድ ላላቸው የአደን ክልሎች በሕይወት መሸጥ ይቻላል። ጣጣው የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በሕይወት የሚጫን አሳማ በመንገድ ላይ ሊያመልጥ፣ ሆን ተብሎም ሌላ ቦታ ሊለቀቅ ይችላል። ገዢው የሚፈልገው ትልቁን ስለሆነ፣ ለሽያጭ የሚያጠምድ ሰው ትንንሾቹን እስኪያድጉ ቢተዋቸው አይከስርም። የገበሬው ጥቅም ግን የመጨረሻዋ ግልገል እንድትወገድ ነው፤ ሁለቱ አንድ ወጥመድ ቢጠቀሙም አንድ ሥራ አይሠሩም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ቴነሲ በ1999 በመላ ግዛቲቱ ያለ ቁጥር ገደብ አደን ፈቀደች፤ አሳማው ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው በዚያ ዘመን ሆነ። ምክንያቱ ደብቀው እየጫኑ በየሰፈራቸው የሚለቁ አደን ወዳዶች ነበሩ። በ2011 ግዛቲቱ ሕጉን ቀልብሳ የአሳማ አደንን እንደ ስፖርት መቁጠር አቆመች። ሚዙሪም በ2016 የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤቷ በሚያስተዳድረው መሬት ላይ የአሳማ አደንን ከልክላ ወጥመድን መረጠች። መርዝስ ለሚል ሰው ደግሞ የቴክሳስ ታሪክ አለ። በ2017 የልብ ሕሙማን የሚወስዱት ዋርፋሪን ያለበት ማጥፊያ እንዲሠራበት ሲታወጅ፣ አዳኞችና ሥጋ አቀናባሪዎች ተነሡ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አምራቹም በግዛቲቱ ያስመዘገበውን ፈቃድ መልሶ ወሰደ። መርዙ ለሌላ እንስሳ ሊተርፍ ይችላል የሚለው ስጋታቸው ቀላል አልነበረም፤ እኔም እጋራዋለሁ። ሆኖም የተባዩን መጥፋት ከሚቃወሙት ግንባር ቀደሞቹ በተባዩ የሚተዳደሩት መሆናቸው ነገሩን ይገልጠዋል።

ቴክሳስ ጠቅልላ ታጠፋዋለች ብሎ የሚያስብ እምብዛም የለም፤ ስለዚህ እዚያ የሥጋውን ንግድ በአንድ ጊዜ ዝጉ ማለት ለገበሬው የማይጠቅም ጭከና ነው። በሕይወት ለአደን ክልል መሸጡን መከልከል፣ መንጋውን ሙሉ በሙሉ ለሚያወጣ አጥማጅ መክፈል ግን ይቻላል። አሳማው ገና በጥቂቱ የገባባቸው ግዛቶች ግን ገበያው ሳይለመድ ቢዘጉት ይሻላቸዋል። ኒው ዮርክ እንዲህ አደረገች፤ በ2014 የዱር አሳማ አደንን ከለከለች፣ በ2016 ከዱር አሳማ ነጻ መሆኗ ተገለጸ። ኮሎራዶም በ2020 ነጻ መሆኗ ተገለጸ።