የጀሞ ታክሲና የኢንተርኔት መንገድ

ማምሻውን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆመን የታክሲ ረዳቶችን ጥሪ እናዳምጥ። አንዱ «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» ሲል ሌላው «ጀሞ! ጀሞ!» ይላል። ሳር ቤት ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሚገኝ፣ የጀሞ መንገደኛ በሁለቱም ቢሳፈር ወደ ቤቱ ይቀርባል። ሆኖም መድረሻውን ለይቶ የጠራውን ታክሲ ይመርጣል። በኢንተርኔት ላይ መልእክቶችን የሚያስተላልፉት ራውተሮች የሚመሩትም በዚሁ ሕግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕጉ በሶፍትዌር እንዴት እንደሚተገበርና ሲዛባ ምን እንደሚያስከትል ለማየት እንሞክራለን።

እንደሚታወቀው የአንድ ቤት አድራሻ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይወርዳል፤ ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። ከጎንደር ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚመጣ እንግዳ አውቶቡስ ለመሳፈር «አዲስ አበባ» የሚለው ብቻ ይበቃዋል፤ ወረዳው የሚያስፈልገው ከተማ ከገባ በኋላ ነው። በሰፊው የሚሠራበት የኢንተርኔት አድራሻም እንዲሁ ነው። አድራሻው 32 ቢት ያለው አንድ ቁጥር ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች በአራት ተከፍሎ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ቢቶች መረቡን፣ ቀሪዎቹ በመረቡ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ያመለክታሉ። መረቡን የሚያመለክተው መነሻ ክፍል ፕሪፊክስ ይባላል።

ለምሳሌ ኢትዮ ቴሌኮም ከሚጠቀምባቸው ፕሪፊክሶች አንዱ 197.156.64.0/18 ነው። 18 ቁጥር የሚነግረን የመጀመሪያዎቹ 18 ቢቶች የማይለወጡ መሆናቸውን ነው። የቀሩት 14 ቢቶች 16,384 አድራሻዎችን ይሰጣሉ። ታዲያ 197.156.100.5 የዚህ መረብ አባል ነውን?

ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ተማሪ (እኛም በጊዜያችን) አድራሻን እንደ ጽሑፍ እያነጻጸረ ይሳሳታል። 100 እና 64 በጽሑፍ አይመሳሰሉም። በቢት ስንጽፋቸው ግን 64 ማለት 01000000፣ 100 ማለት 01100100 ነው፤ ሁለቱም በ01 ስለሚጀምሩ አድራሻው አባል ነው። 130 ግን 10000010 በመሆኑ ከመረቡ ውጪ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ዘዴ ሁለቱንም አድራሻዎች ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጦ፣ 14 ቢት ወደ ቀኝ ገፍቶ ማነጻጸር ነው።

የዓለም የመንገድ ሰንጠረዥ በአሁኑ ጊዜ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ፕሪፊክሶችን ይዟል። ለእያንዳንዱ መልእክት ሁሉንም አንድ በአንድ መፈተሽ የማይታሰብ ነው። በመሆኑም ሶፍትዌሩ ፕሪፊክሶቹን በዛፍ መልክ ያደራጃል። ከሥሩ ተነሥቶ ቢቱ 0 ሲሆን ወደ ግራ፣ 1 ሲሆን ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ፕሪፊክስ ሁሉ እየመዘገበ የፊተኛውን በኋለኛው ይተካል። መንገዱ ሲያልቅ በእጁ የቀረው ረጅሙ ፕሪፊክስ፣ ማለትም መድረሻውን ይበልጥ ለይቶ የሚጠራው ነው። ሰንጠረዡ የቱንም ያህል ቢሰፋ ፍለጋው ከ32 እርምጃ አያልፍም።

ይሁን እንጂ አንድ ረዳት «ጀሞ!» ብሎ ጠርቶ መንገደኞቹን ወደ ቄራ ቢወስዳቸውስ? የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር። ዩቲዩብ 208.65.152.0/22 የተባለውን ፕሪፊክስ ለዓለም አስታውቆ ይሠራ ነበር። የፓኪስታን ቴሌኮም በመንግሥት ትእዛዝ ድረ ገጹን በአገር ውስጥ ለመዝጋት ሲል 208.65.153.0/24ን የራሱ አስመስሎ አስታወቀ፤ ማስታወቂያውም በሆንግ ኮንግ በኩል ወደ ውጪ አመለጠ። 24 ከ22 ስለሚረዝም የዓለም ራውተሮች ሕጋቸውን አክብረው መልእክቱን ወደ ፓኪስታን ነዱት። ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከዓለም ተሰወረ። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፤ ያመነው ጥሪ ነው የተሳሳተው።

ዛሬ ይህን ለመከላከል የአድራሻው ባለቤት ፕሪፊክሱን ማን፣ እስከ ምን ርዝመት ሊያስታውቅ እንደሚችል በዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል፤ ራውተሮችም ይህን ማረጋገጫ ማመሳከር ይችላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮም ሁለተኛ ኦፕሬተር ሆኖ በገባባት አገራችንም ጉዳዩ የሚመለከታቸው ባለሙያዎች መብዛታቸው አይቀርም። እነዚህ ባለሙያዎች ደግሞ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከሚያነብቡት ተማሪዎች መካከል የሚወጡ ናቸው። ለመነሻ ያህል 32 እርምጃ የሚራመደውን ዛፍ በምትወዱት የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉት፤ የዩቲዩብን ሁለት ፕሪፊክሶች አስገቡበትና 208.65.153.10 ወዴት እንደሚሄድ ራሳችሁ ተመልከቱ።