አድራሻ ሰጪ የለም

ካርዳኖ የተባለው ብሎክቼይን እኛ ዘንድ ስሙ በሰፊው የተሰማው በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከጀርባው ያለው ኩባንያ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን መታወቂያና ውጤት በብሎክቼይን ለመመዝገብ ሲስማማ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ያው ኩባንያ አዲስ አበባ ላይ ለሴቶች ሃስኬል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስተምሯል። ስለ ስምምነቱ ብዙ ተወራ፤ በዚሁ በሃስኬል ስለተጻፈችው «ካርዳኖ አድሬስስ» ስለምትባል ላይብረሪ ግን ማንም አላነሳም። የክሪፕቶ ዋሌት ቁልፎችና አድራሻዎች ታሰላለች።

ቦሌ ካፌ ተቀምጠው ስለ ክሪፕቶ የሚከራከሩ ልጆች፣ አድራሻ እንደ ባንክ ሒሳብ አንድ ቦታ ተመዝግቦ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። «ያለ ኢንተርኔት እንዴት ይከፈታል?» ብሎ የሞገተኝ አለ። ዋይፋዩን አጥፍቼ በላይብረሪዋ እዚያው አድራሻ አወጣሁለት። ሰጪም መዝጋቢም የለም። ከ2048 የእንግሊዝኛ ቃላት በዕጣ ለምሳሌ 15 ይወጣሉ፤ ከነሱ ዋናው ቁልፍ፣ ከሱ የቁጥር መንገድ ተከትለው ልጅ ቁልፎች፣ ከነዚያ ይፋዊ ቁልፍ፣ በመጨረሻም አድራሻ። የላይብረሪዋ ትእዛዞች አንዱ ያወጣውን ለሚቀጥለው ያቀብላሉ። ቃሎቹና መንገዱ እስካልተለወጡ ድረስ ጎሮም ሆነ ቶሮንቶ የሚወጣው ያው ነው።

መንገዱ ላይ ልቆይ፦ 1852፣ 1815፣ 0፣ 0፣ 0። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የካርዳኖ ገንዘብ በስሟ አዳ የተባለላት የሒሳብ ሊቋ አዳ ላቭሌስ በፈረንጆች አቆጣጠር የሞተችበትና የተወለደችበት ዓመት ናቸው። ሦስተኛው የሒሳብ ተራ ቁጥር ነው፤ አራተኛው አድራሻው ለመቀበያ ነው ወይስ ለመልስ የሚለውን ይለያል፤ አምስተኛው የአድራሻው ተራ ነው። ጥበቡ ያለው እዚህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ያለ ምስጢር ቁልፍ መውረድ አይቻልም፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ግን በይፋዊው ቁልፍ ብቻ መውረድ ይቻላል። ስለዚህ ውጭ አገር በድረ ገጽ የሚሸጥ ነጋዴ ሰርቨሩ ላይ የሒሳቡን ይፋዊ ቁልፍ ብቻ አስቀምጦ ለየደንበኛው አዲስ አድራሻ ያወጣል። ሰርቨሩን የሰበረ ሌባ አድራሻዎቹን ሁሉ ያያል፤ ገንዘቡን ግን አይነካም። ዋናውን ቁልፍ ሰርቨር ላይ የሚያኖሩ ፕሮግራመሮችን ሳይ ደሜ ይፈላል።

(ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል፤ እኔ የማወራው ስለ ስሌቱ ነው።)

15ቱን ቃላት ስክሪንሾት አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ የምታስቀምጡ፣ ተዉ። ወረቀት ላይ ጻፉ። ተሳስታችሁ በአንዱ ቃል ፈንታ ሌላ የዝርዝሩን ቃል ብታስገቡ ላይብረሪዋ ከ32 ጊዜ 31ዱን ያህል ትነቃለች፤ የቀረውን ግን ዝም ብላ የሌላ ባዶ ዋሌት አድራሻ ታወጣላችኋለች። ስለዚህ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ከወረቀቱ ላይ እንደገና አስገብታችሁ ያው አድራሻ መውጣቱን እዩ።