አለማወቁን የሚያውቅ ኮምፒዩተር

በንግድ ሥራ ከባድ ኪሣራ የሚያደርሰው፣ ከማያውቅ ሰው ይልቅ ያላወቀውን እንዳወቀ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። የታመነ ቡና ቀማሽ የዘንድሮውን ምርት ሲለምድ የአምናውን ጣዕም አይዘነጋም፤ ያጠራጠረው እንደ ሆነም ሌላ ናሙና እንዲቀርብለት ይጠይቃል። የሳይንስ ሊቃውንት ዛሬ ከኮምፒዩተር የሚሹት ይህንኑ ጠባይ ነው።

ከሰው አንጎል ምሳሌ ወስዶ መሣሪያ የማበጀቱ አሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሊቅ ፍራንክ ሮዘንብላት ከስሕተቱ እየታረመ የሚማረውን «ፐርሴፕትሮን» ለዓለም ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። ኢንቴል ኩባንያ በ2017 ያወጣው «ሎይሂ» የተባለው ቺፕ ደግሞ 130,000 ያህል ሰው ሠራሽ ነርቮች ያሉት ሲሆን፣ ሥራውን ሳያቋርጥ ሊማር ይችላል። ይኸው ኩባንያ በ2024 ያስተዋወቀው «ሃላ ፖይንት» 1.15 ቢሊዮን ነርቮች አሉት፤ የሚፈጀውም ኃይል ቢበዛ 2,600 ዋት ነው። የሰው አንጎል ግን 86 ቢሊዮን ያህል ነርቮቹን የሚያሠራው በ20 ዋት ገደማ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ችግሮች ገና በሚገባ አልተወገዱም። አንደኛው፣ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ አዲስ ነገር ሲማር የቀድሞውን በድንገት መርሳቱ ሲሆን፣ ይህ ጉድለት በ1989 በምርምር ተገልጧል። ሁለተኛው በራስ ያለ ልክ መተማመን ነው። በ2017 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዘመኑ የነበሩት መረቦች ከትክክለኛነታቸው ይልቅ እርግጠኝነታቸው የላቀ ነበር።

የመሣሪያው ቃል የታመነ መሆኑ የሚፈተንበት መንገድ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። «90 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ካለባቸው 100 መልሶች 90 ያህሉ ትክክል ከሆኑ ሚዛኑ ልክ ነው፤ 70ው ብቻ ከሆኑ ግን ሚዛኑ ተዛብቷል። ጥርጣሬውን ለመለካት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱም በየብቻቸው የተማሩ ብዙ መረቦችን ስለ አንድ ነገር ጠይቆ መልሳቸውን ማነጻጸር ነው፤ በመልሳቸው ሲለያዩ ነገሩ አጠራጣሪ መሆኑ ይታወቃል።

ስለዚህ የገበያን ፍላጎት ወይም የዋጋን አካሄድ በኮምፒዩተር የሚያስገምት ነጋዴ፣ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከመክፈቱ በፊት ግምቱን ብቻ ሳይሆን የጥርጣሬውን መጠን ጭምር ሊጠይቅ ይገባዋል። ገንዘቡ የሚወጣው ከነጋዴው ካዝና እንጂ ከመሣሪያው አይደለምና።