ሰዓትና አክብሮት፦ የሰሜን ሸዋ ጀማሪዎች በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ የሚቸገሩባቸው ሁለት ነጥቦች

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ዓይነትነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ሆኖም ሰዋስው ማወቅና በዕለት ተዕለት ኑሮ መግባባት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ አማርኛ አፋቸውን የፈቱ ጀማሪዎች የሚቸገሩባቸውን ሁለት ነጥቦች ያብራራል።

የመጀመሪያው የሰዓት አቆጣጠር ነው። በአማርኛ የቀን ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ጠዋት 2 ሰዓት በእንግሊዝኛ 8 ሰዓት ይባላል። እንግዳ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስድ አስጎብኚ ቁጥሩን ብቻ ተርጉሞ «ቱ ኦክሎክ» ብሎ ቢቀጥር፣ ቃላቱ ትክክል ሆነው ሳለ እንግዳው 6 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል።

ሁለተኛው አክብሮት ነው። አማርኛ «ስጠኝ»ን ከ«ይስጡኝ» በግሡ ቅርጽ ይለያል። እንግሊዝኛ ግን ለታናሹም ለታላቁም «ዩ» ስለሚል አክብሮቱን በጥያቄ ቅርጽ ይገልጻል። በመሆኑም «ይስጡኝ» በቀጥታ «ጊቭ ሚ» ተብሎ ሲተረጎም ትሕትናው ይጠፋል፤ ተመጣጣኙ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ» ነው። አድማጭ የሰዋስው ስሕተትን የቋንቋ ጉድለት አድርጎ ያልፈዋል፤ ይህን ግን የጠባይ ጉድለት አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

በ1841 እ.ኤ.አ. የዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ አማርኛ የተማረው ሚሲዮናዊ ክራፍ በአስተርጓሚነት ረድቶታል። ዛሬ የመማሩ ሸክም በአመዛኙ በአገሬው ላይ ነው። ስለዚህ የሰዓት ልውውጥና የትሕትና ሐረጎች ለጀማሪ ከሰዋስው ሕግ እኩል፣ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንሥቶ ሊሰጡት ይገባል።