ምጣዱ ሳይሰማ

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት የሚኒባስ ሾፌር «ዘይት ይበላል፣ ነዳጅም አይጠግብም» ብሎ መኪናውን ጋራዣችን አስገባ። ሞተሩ ከታደሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ከስሩ ማኪያቶ የመሰለ ዝቃጭ ተለጥፎበት አየሁ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቴስታታው ጋስኬት ነው፤ ተበልቶ ውሃ ወደ ዘይቱ አሳልፏል ይባላል። የዚህኛው ግን የራዲያተር ውሃው አልጎደለም፣ በመለኪያው ዘንግ ላይ የወጣው ዘይትም አልነጣም። አስነስቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተማ ውስጥ ነዳሁት። የሙቀት መርፌው ከታችኛው መስመር ብዙም ፈቀቅ አላለም። ተመልሼ የቴርሞስታቱን ቤት ፈታሁት፤ ባዶ ነው።

«እንደታደሰ ነው ያስወጣሁት» አለኝ ልጁ። «ቀዝቀዝ ብሎ ቢሠራ ይቆይልኛል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

አልተቆጣሁትም። ይህንኑ ሥራ እኔም ለዓመታት ሠርቼዋለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ አለቃዬ፣ ያፈላ መኪና በመጣ ቁጥር የመጀመሪያ ትእዛዙ «ቴርሞስታቱን አውጣው» ነበር። «እሱ የተሠራው ለበረዶ አገር ነው፤ እኛ ዘንድ ምን ይሠራል?» ይለን ነበር። አምኜው ከስንት መኪና እንዳወጣሁ ቁጥሩን አላስታውሰውም። አለቃዬ ደግ ሰውና ብርቱ ሠራተኛ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ግን ተሳስቶ ነበር። እኔም ስህተቱን ተቀብዬ ለረዳቶቼ አውርሻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ያንን ለማረም ነው።

ሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል የሚነሳው ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል። ውሃና አየር ካላበረዱት ብረቱ አይችለውም። ስለዚህ ሾፌር ሙቀትን ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የተተወው ክፍተት የተለካው ለሞቀ ሞተር ነው፤ የዘይቱ ቅጥነትም የተመረጠው ለዚያው ሙቀት ነው። ውሃው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ብዙው ሞተር በልኩ ይሠራል። ከዚያ በታች ሁልጊዜ ሲሠራ ግን ነዳጁ በቅጡ ሳይተንን ቀዝቃዛው የሲሊንደር ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ እዚያ የነበረውን ስስ የዘይት ሽፋን አጥቦ ይወርዳል፣ የፒስተን ቀለበቶቹም ብረት ለብረት ይፋጫሉ። ከቃጠሎው የሚሾልከው እንፋሎት በሞቀ ሞተር ውስጥ ቢሆን ተንኖ ይወጣ ነበር፤ በቀዘቀዘው ውስጥ ግን ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ ከዘይቱ ጋር እየተመታ ክዳኑ ላይ ያየሁትን ዝቃጭ ይሆናል። ነዳጁ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ ደግሞ አሲድ ይፈጥርና ብረቱን ይበላል። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ከሆነ፣ ውሃው አልሞቀም የሚል መልእክት እስከደረሰው ድረስ ገና አሁን የተነሳ መስሎት ነዳጅ ያበዛል። ልጁ «አይጠግብም» ያለው ይህንን ነበር።

ይህን ነገር እንጀራ የሚጋግሩ ሁሉ ያውቁታል። ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ የፈሰሰበት እንደሆነ እንጀራው ይጣበቃል፣ ዓይንም አያወጣም። ከመጠን በላይ ከጋለም ያርራል። ጋጋሪዋ ምጣዱ እንዲበርድ አትመኝም፤ እሳቱን በልኩ ትይዘዋለች እንጂ።

ሞተር ውስጥ እሳቱን በልኩ የሚይዘው ቴርሞስታት ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ሰም ሲሞቅ ቀልጦ ያብጥና ቫልቩን ይገፋዋል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚገባው 82 ዲግሪ ገደማ ላይ መከፈት ይጀምርና 95 ላይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። መከፈት እስኪጀምር ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ለደንበኞቼ የማስረዳው እንዲህ ብዬ ነው፤ ቴርሞስታት የሙቀቱ ወለል ነው፣ ራዲያተር ደግሞ ጣሪያው። መኪናህ የሚያፈላው ጣሪያው ስለተቀደደ ከሆነ፣ ወለሉን መቆፈር አያድንህም። 76 ዲግሪ ላይ የሚከፈት አምጥቶ መቀየርም ያው ነው፤ የተደፈነ ራዲያተር ውሃው ቀድሞ ስለመጣለት አይጠረግም።

ከዚህ የሚብስም አለ። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት፣ ሞተሩ ውስጥ መልሶ የሚያዞረውን በታችኛው ክዳኑ ይዘጋዋል። አውጥተህ ስትጥለው ሁለቱም በሮች ክፍት ይቀራሉ። የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ከልክ በላይ የሚቀዘቅዘው ያው መኪና፣ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ያፈላል።

አባይ በረሃን የሚያውቅ ሾፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቁልቁለቱን ሲወርድ ይበርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ በከባድ ማርሽ ዳገቱን ሲይዝ ሙቀቱ ባንዴ ይወጣል። የአሉሚኒየም ቴስታታ ከብረቱ ሞተር ይልቅ ፈጥኖ ስለሚለጠጥ፣ እንዲህ ያለው መብረድና መጋል ጋስኬቱን እያላላ ይሄዳል። መሀል መንገድ ላይ ሲያፈላ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋበታል። በዚያ ምክንያት ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ ቶርኖ ቤት የላክሁት ቴስታታ ብዙ ነው።

አንድ ሌላ ስህተቴንም ልናገር። ቴርሞስታት ደህና መሆኑን የምንፈትሸው ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ጥደን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ላይ ነው። 88 ዲግሪ ላይ የሚከፈት ቴርሞስታት እዚህ ሲፈተሽ ትንሽ ስንጥቅ ብቻ አሳይቶ ይቆማል፤ ድስቱ ከዚያ በላይ አይሞቅለትም። እኔ ግን «ሞቷል» እያልኩ ስንቱን ጤነኛ ወርውሬያለሁ። አሁን ረዳቶቼን የማስተምረው፣ የሚያዩት ሙሉ መከፈቱን ሳይሆን በተጻፈበት ዲግሪ መጀመሩን፣ ውሃው ሲበርድም መልሶ መዘጋቱን ነው።

ይኸው ከፍታ የራዲያተር ክዳንን ነገርም ያከብደዋል። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ያንን ሁሉ ወደ 92 ያወርደዋል። ሞተሩ ምንም ሳይሆን «አፈላ» ተብሎ ቴርሞስታቱ ይወጣል። በዚያ ላይ የእኛ አየር ከባሕር ዳር አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ራዲያተሩን ሲያልፍ የሚወስደው ሙቀትም ያነሰ ነው። እኛ ከማንም በላይ ንጹሕ ራዲያተር ያስፈልገናል።

ስለዚህ ሞተሩ እንዲቆይለት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን እዚህ ያውለው። በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የገባውን አቧራና ነፍሳት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ ያሳጥብ። ኖራ የሚተው የጉድጓድ ውሃ መሙላቱን ትቶ ኩላንት ያስገባ፤ እኛ አገር በረዶ ባያስፈራም ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ማኒኮቶው ለስልሶ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ በእጁ ይጫነው። ቺንጋው ላልቶ፣ ቬንትሌተሩ ሰንፎ እንደሆነ ያስፈትሽ። ካፈላ ደግሞ ሞተሩ በራሱ እስኪበርድ ይጠብቅ፤ ክዳኑን በትኩሱ አይክፈት።

ለሾፌሩ አዲስ ቴርሞስታት ገጠምንለት፣ ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀየርን፣ የራዲያተሩን ክዳንም ለወጥን። እውነቱን አልደበቅሁትም፤ የተበላው የፒስተን ቀለበት አይመለስም፣ ዘይት መብላቱ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ጨርሶ አይተውም። ዝም ብሎ ሰማኝ። የዚያ ሞተር እድሳት የስንት ወር ድካሙ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ያ ዝምታው ከበደኝ። ስንቱ ደንበኛዬ በእኔ እጅ ሥራ የተነሳ እንዲሁ ዝም ብሎ ይሆን አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። ድምፁ ደንገጥ ብሏል።

«ጋሼ፣ መርፌው መሀል ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። እየሞቀብኝ ይሆን እንዴ? ላቁመው?»

«አታቁመው፣ ልጄ» አልኩት። «ገና አሁን ሰማልህ።»