በሞስኮ በኩል የመጣው የመካከለኛው እስያ ልብወለድ

የኪርጊዝ፣ የኡዝቤክና የካዛክ ልብወለድ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ለምን በሩሲያኛ በኩል ይዞራል? ጥያቄው የቆየ ነው። የሩሲያ ጦር በ2022 ዩክሬንን ከወረረ ወዲህ ደግሞ «የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ» እየተባለ የተደረደረው ሁሉ በእርግጥ የሩሲያ ነው ወይ የሚለው ክርክር በርትቷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ለሩሲያኛ መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎለታል። እንግሊዛዊቷ ኮንስታንስ ጋርኔት ቶልስቶይን፣ ዶስቶየቭስኪን፣ ቱርጌኔቭንና ቼኾቭን ጨምሮ ወደ 70 የሚጠጉ ቅጾች ተርጉማለች። በለንደንም ሆነ በኒውዮርክ ሩሲያኛ የሚያነብ አርታኢ አይጠፋም፤ ኡዝቤክኛ የሚያነብ ግን ከየት ይመጣል? በሶቪየት ዘመን ደግሞ ለውጭ አንባቢ የሚላከውን መጽሐፍ የምትመርጠው ሞስኮ ነበረች። የሞስኮው ፕሮግረስ አሳታሚ በብዙ ቋንቋዎች ያትም ነበር፤ በደርግ ዘመን ያደገ አንባቢ በአማርኛ ያወጣቸውን መጻሕፍት ያስታውሳል።

በዚህ መንገድ እንደ ኪርጊዙ ቺንጊዝ አይትማቶቭ የተጠቀመ የለም፤ የተጎዳበትም እሱው ነው። «ጀሚላ» በ1958 ወጣች። በዓመቱ ፈረንሳዊው ገጣሚ ሉዊ አራጎን ወደ ፈረንሳይኛ መልሷት፣ በዓለም ላይ እንደ እሷ ያማረ የፍቅር ታሪክ የለም ብሎ መሰከረላት። «ከመቶ ዓመት የሚረዝም ቀን» የተባለውን ትልቅ ልብወለዱን ግን በሩሲያኛ ጽፎ በ1980 ኖቪ ሚር በተሰኘው የሞስኮ መጽሔት አወጣው። የባቡር ሠራተኛው ኤዲጌይ የወዳጁን አስከሬን በጥንቱ መካነ መቃብር ሊያሳርፍ፣ በግመሉ ላይ ተቀምጦ ቀብረኛውን እየመራ የካዛክስታንን በረሃ ያቋርጣል። ሲደርስ ቦታው በጠፈር ጣቢያ አጥር ተከልሏል። የጥበቃው መኮንን ካዛክ ነው። ሽማግሌው በአገራቸው ቋንቋ ሲለምነው፣ ሥራ ላይ ነኝና በሩሲያኛ ተናገር ይለዋል። ይህን ውርደት በሩሲያኛ የጻፈው ራሱ አይትማቶቭ ነው፤ ስለዚህ በሩሲያኛ የተጻፈ ሁሉ ከሕዝቡ የራቀ ነው የሚሉትን አልቀበላቸውም።

ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። በ1983 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ጎደሎ ነው። ስለ ጄንጊስ ካን ጭካኔና በሶቪየት የደህንነት መርማሪ እጅ ስለወደቀው መምህር አቡታሊፕ የሚተርከው ክፍል በ1980 ሊታተም የማይታሰብ ስለነበር፣ በሩሲያም ብርሃን ያየው በ1990 ነው። የእንግሊዝኛው ተርጓሚ ጥፋት የለበትም፤ የተሰጠውን ተረጎመ። አንባቢው ግን ሙሉ መጽሐፍ የያዘ መስሎታል።

የኡዝቤኮቹ ታሪክ ከዚህ ይብሳል። የመጀመሪያውን የኡዝቤክ ልብወለድ፣ «ያለፉ ቀናት»ን፣ በ1920ዎቹ የጻፈው አብዱላ ቆዲሪና ባለቅኔው ቾልፖን በስታሊን ዘመን፣ ጥቅምት 4 ቀን 1938 በአንድ ቀን ተረሸኑ። የቾልፖን «ሌሊትና ቀን» ሁለተኛ ክፍል እስከ ዛሬ አልተገኘም። በዚያ ላይ የኡዝቤክኛ ፊደል ከዐረብ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ሲሪሊክ፣ ከ1993 ጀምሮም እንደገና ወደ ላቲን ስለተለወጠ፣ የ1920ዎቹን እትም የዛሬ የታሽከንት ወጣት እንኳ ፊደሉን ለብቻ ሳይማር አያነበውም። ማርክ ሪስ ቆዲሪን፣ ክሪስቶፈር ፎርት ቾልፖንን በቀጥታ ከኡዝቤክኛ ተርጉመው ያወጡት በ2019 ነው፤ ደራሲዎቹ ከተገደሉ ከ80 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ቆዲሪ ሲታሰር ስለ ኮካንድ ቤተ መንግሥት ልብወለድ እየጻፈ ነበር፤ ረቂቁ ጠፋ። በ1992 አገሩን ጥሎ የወጣውና በቢቢሲ የሠራው ሃሚድ ኢስማይሎቭ «የሰይጣናት ጭፈራ» በተሰኘው ልብወለዱ ያን የጠፋ መጽሐፍ በእስረኛው ቆዲሪ አእምሮ ውስጥ እንደገና ያስጽፈዋል። የቼኾቭን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ዶናልድ ሬይፊልድ ከኡዝቤክኛው ተርጉሞት በ2018 ታተመ። በማግስቱ ዓመት የአውሮፓ የመልሶ ግንባታና ልማት ባንክ የሚሰጠውን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። የዚህ ሽልማት 20,000 ዩሮ ለደራሲና ለተርጓሚ እኩል መከፈሉ ደስ ያሰኘኛል፤ ካለ ተርጓሚው መጽሐፉ ለዳኞቹ አይደርስም ነበር።

የካዛክ ሴቶችን ታሪኮች የሰበሰበው «አማናት» በ2022 ወጥቷል፤ ዛውሬ ባታዬቫና ሼሊ ፌርዌዘር-ቬጋ ከካዛክኛም ከሩሲያኛም ተርጉመውታል። ሥራው አሁንም በጥቂት ተርጓሚዎችና በትናንሽ አሳታሚዎች ትከሻ ላይ ነው።

ለእኛም የሚደርስ ነገር አለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሶቪየት ኅብረት ተምረው ሩሲያኛን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከእነሱ መካከል አይትማቶቭን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስብ ቢኖር፣ ከ1983ቱ እንግሊዝኛ ሳይሆን ከሩሲያኛው ይነሳ፤ በ1990 የወጣውንም ክፍል ጨምሮ ሙሉውን ይስጠን።